የፈሪ አበባ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ቦታ ቆሜ፣ የልብስ ማድረቂያው ማሽን እየጮኸብኝ ነው። የደወለችልኝ ሲያትል ያለችው ታናሽ እህታቸው ጥሩወርቅ ናት። መርዶ በስልክ መንገር ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። «ማንን ልላክብሽ ሂሩትዬ? እዚያ የማውቀው ሰው አንቺን ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «ተኝታ ነው ያለፈችው። አልተሰቃየችም፣ አልፈራችም» አለች። አለመሰቃየታቸውን ተመስገን ብዬ ተቀበልኩ። አልፈራችም የሚለውን ግን ማመን አቃተኝ። እኔ የማውቃቸው እትዬ አስካለ እንኳን ለሞት፣ ለአሳንሰርም ሳይፈሩ አይገቡም ነበር።

ሲያትል ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን በስልክ ስናወራ «እዚያስ ሃይድሬንጃ አበባ ተከሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«እዚህ በየአጥሩ ሥር ነው ያለው» አሉኝ። «ማንም አይሸፍነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየው፣ ዝም ብሎ ያብባል። ደግሞ ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊ!»

ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። «የማይፈሩለት አበባ ግን ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

ሰው የማይረሳውን ሰው ሲጠየቅ ደፋሩን፣ ደጉን፣ አዋቂውን ይጠራል። የኔዋ ፈሪ ነበሩ። ሃይዌይ ላይ ነድተው አያውቁም። ዴንቨር ውስጥ ካለው ሰፈራቸው ከሞንትቤሎ ተነስተው ጎረቤት ከተማ ኦሮራ ያለው ሥራችን ለመድረስ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆሙ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይመጣሉ። የጎረቤት ውሻ ከጮኸ መኪናቸው ውስጥ ተቆልፈው ውሻው እስኪሰለቸው ይጠብቃሉ። ማይክሮዌቭ ሲዞር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ እስቅባቸው ነበር፣ እሳቸውም አብረውኝ ይስቁ ነበር። «ሳቂ። እኔ ግን ይኸው ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ» ይሉኛል።

የተዋወቅነው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀኔ አንሶላ ከጋሪው አንስቼ ማሽን ውስጥ ልክተት ስል እጄን ያዙኝ። «መጀመሪያ አራግፊ» አሉኝ። «መርፌ ይኖርበታል፣ ጥርስ ይኖርበታል፣ የማይታወቅ ነገር ይኖርበታል። ሳታራግፊ አትንኪ።» አንሶላውን በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው፣ ገላቸውን ወደ ኋላ አርቀው ሲያራግፉ ላየ ሰው እባብ የሚያባርሩ ይመስላሉ። እስከ ዛሬ አንሶላ የማራግፈው እንደሳቸው ነው።

ወደ አበባው ያገባኝ የራሴ ሞኝነት ነው። በእናቶች ቀን ሰሞን ሱፐርማርኬት በር ላይ የሚደረደረውን፣ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለውን ሰማያዊ ሃይድሬንጃ ገዝቼ ኦሮራ ያለው ታውንሃውስ ቤቴ በራፍ ላይ ተክዬው ነበር። በዓመቱ ቅጠሉ እንደ ጎመን ለመለመ፣ አበባ ግን የለም። በተከታዩም ዓመት ጎመን። ይህንን ለእትዬ አስካለ አንሶላ እያጠፍን ሳለ ነገርኳቸው።

«ዊንተር ሲገባ ምን አደረግሽው?» አሉ።

«ምን አደርገዋለሁ፣ ደርቆ እንጨት ሲሆን ከሥሩ ቆረጥኩት።»

«በስመ አብ!» ያጠፉትን አንሶላ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ያረገዘ እንጨት ቆረጥሽ?»

ለካ ይሄ ባለ ትልቅ ቅጠሉ ሃይድሬንጃ የሚመጣውን ዓመት አበባ የሚቋጥረው ዘንድሮ ነው። ቅዝቃዜው ሳይገባ፣ በአሮጌው ግንድ ጫፍ ላይ እንቡጡን ትንሽ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቅጠሉ ይረግፍና የሚቀረው ደረቅ ጭራሮ ነው። ሰው ሞቷል ብሎ ይቆርጠዋል። ያልቆረጠውን ደግሞ ብርዱ ጫፉን ያቃጥለዋል። ሥሩ አይሞትም፣ በጸደይ እንደገና ከታች ይበቅላል፣ ግን አበባው የነበረው ጫፉ ላይ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በገዛ መቀሴ አበባዬን እየቆረጥኩ ሱፐርማርኬቱን ስራገም ኖሬያለሁ።

በሚቀጥለው ኦፍ ቀናችን አትክልት መሸጫ ይዘውኝ ሄዱ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ እርግጥ ነው። እኔ የማነሳው ሁሉ አበባው የበዛውን ነበር፣ እሳቸው ደግሞ አጎንብሰው ከሥሩ የሚያዩት ስንት ግንድ እንዳለው ነው።

«እዩት፣ ‹ዞን አምስት› ይላል። ለኛ ይሆናል» አልኳቸው፣ ምን ያህል ብርድ እንደሚችል የሚናገረውን ወረቀት እያሳየሁ።

«ሥሩ አይሞትም ማለቱ ነው እንጂ አበባው አይሞትም አላለም። ሥር ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?» በመጨረሻ በአሮጌውም በአዲሱም ግንድ ላይ ያብባል የሚለውን መረጡልኝ። «ብርዱ አንዱን ቢወስድብሽ አንዱ ይተርፍሻል። ሰማያዊነቱን ግን እዚሁ ተሰናበችው። የኛ አፈር ኖራ ነው፣ ሮዝ ያደርገዋል።»

አጠገባችን ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ብርድ የማይበግረው፣ በየዓመቱ ከሥሩ ቢቆረጥ የማይሞት ሌላ የሃይድሬንጃ ዓይነት ተደርድሮ ነበር። ታዲያ ለምን እሱን አንተክልም አልኳቸው።

«እሱማ ማን ይፈራለታል?» አሉ፣ እንደ ዋዛ።

የሳቸው ቤት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ሃይድሬንጃዎቹ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከመስኮቱ ሥር ናቸው። የጠዋቱን ፀሐይ ይጠጣሉ፣ ከቀትር በኋላ የቤቱ ጥላ ያርፍባቸዋል። በደቡብ በኩል ሰፊ ቦታ እያለ አንዲት ግንድ አልተከሉም። «ደቡቡ አታላይ ነው» ይሉ ነበር። «በፌብሩዋሪ አንድ ሁለት ቀን ያሞቀውና ‹ተነስ› ይለዋል። ተነስቶ ያልቃል።» ቅጠሉ ሲረግፍ እያንዳንዷን ተክል በሽቦ አጥር ያጥሯታል፣ ውስጡን በደረቅ ቅጠል እስከ አንገቷ ይሞሉታል፣ ላዩን በጆንያ ያለብሷታል። እርጥብ ቅጠል ከሆነ ይበሰብሳል ብለው ቅጠሉን ጋራዥ ውስጥ ዘርግተው ያደርቁታል። በብርዱ ወራት መሃል ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲለሰልስ ደግሞ የውሃ ጎማውን ጎትተው ያጠጣሉ። የዚህ አገር ክረምት የሚገድለው በበረዶ ብቻ ሳይሆን በድርቀትም ነው ይሉኛል።

ትልቁ ፈተና ግን ጸደይ ነው። ዴንቨር በማርች ቲሸርት ያስለብስና በሜይ በረዶ ያወርዳል። ሰፈሩ ሁሉ ተክሉን ገልጦ ሲጨርስ የእትዬ አስካለ ገና እንደተከናነቡ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጋሽ መኮንን፣ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ተጫዋች ሰው፣ በመኪናቸው መስኮት ብቅ ብለው «አስካለ! ሙሽሮቹን መቼ ነው የምትገልጪያቸው?» ይላሉ።

«ሜይ ይውጣና!»

«እስከዚያ ሙሽራው ይሄዳላ!»

«ይሂድ! ፈሪ ሙሽራ ምን ያደርግላቸዋል፣ ፈሪስ እኔ አለሁላቸው!»

እነዚያ አበቦች በጁላይ ሙቀት ሲፈነዱ፣ አንዱ ራስ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት ያህላል። ሰው መኪናውን አቁሞ ፎቶ ያነሳቸዋል። እትዬ አስካለ ግን ያን ጊዜም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሄይል፣ ያ ቅጠል የሚበሳው የበረዶ ጠጠር፣ ይመጣል ብለው ነዋ።

ይህ ሁሉ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። እትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ዳዊት ይባላል፣ አገር ቤት ከባድ መኪና ይነዳል። መንገዱ ሰላም የለውም። መኪና ይቆማል፣ ሹፌር ይወሰዳል፣ ስልክ ይጠፋል። ወደዚህ ሊያመጡት የጀመሩት ጉዳይ ዓመት ዓመትን እየወለደ አላለቀም። የሃይዌዩም፣ የውሻውም፣ የማይክሮዌቩም ፍርሃት ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ዳዊትን ከዚህ ሆነው መሸፈን አይችሉም፣ የሚሸፍኑትን ይሸፍናሉ።

እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ የሚጠነቀቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች፣ «ነገ ቤት ነዎት?» የምትል። እዚህ አገር መርዶ ሊያረዳ የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የሥራ ሰዓት ነው። ለቅርብ ጓደኛ ይደወላል፣ መቼ ኦፍ እንደሆነች ይጠየቃል፣ ከዚያ በማለዳ ሰብሰብ ብሎ በሯ ላይ ይቆማል። እትዬ አስካለ ይህንን ስለሚያውቁ «ነገ ቤት ነዎት?» ያላቸው ሰው ቀናቸውን ይገድለዋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ድስት ልመልስላቸው ብዬ ጠይቄያቸው ስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ቀጥ ሲል ሰማሁ። «ማን ምን አለሽ?» አሉኝ። ድስት ነው እያልኩ ማልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የምንሄደው ሳንጠይቅ፣ ደግሞም አንድ አንድ ሆነን ነው።

የዳዊት ስልክ የጠፋው በአንድ ጸደይ ነው። መኪና ጭኖ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ያቺ የቀረጻዋ ሴት ብቻ ሆነች፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም እያለች። እትዬ አስካለ ሥራ አልቀሩም። አንሶላውን ማራገፍ ግን ተዉ። ከጋሪው በእቅፋቸው እያነሱ ዝም ብለው ማሽኑ ውስጥ ይከቱታል። አንድ ጠዋት ቶሎ ደረሱ፣ እንዴት ነው ስላቸው «በሃይዌይ መጣሁ መሰለኝ» አሉኝ። መሰለኝ! ያን ጊዜ ነው እኔ መፍራት የጀመርኩት። ሰው ፍርሃቱን ሁሉ ከሌላ ቦታ ሰብስቦ አንድ ቦታ ሲያከማች አይቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የለም። «ሂሩት፣ አስካለ አበባዎቿን ገለጠቻቸው» አሉኝ። ሜይ ገና መግባቱ ነበር። ለምን ገለጥሽው ብላት ምን አገባህ አለችኝ አሉ። ሄጄ ሳይ እውነት ነው። ሽቦው ተነቅሏል፣ ቅጠሉ ተጠርጓል፣ ግንዱ ጫፍ ላይ ያሉት እንቡጦች ተከፍተው ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል አውጥተዋል። እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ሆነው ስልካቸውን እያዩ ነበር፣ ቀና ብለው አላዩኝም።

ብዙም ሳይቆይ ትንበያው ተናገረ፣ ቅዳሜ ዝናብ፣ እሁድ ረፋዱ ላይ ወደ በረዶ ይቀየራል፣ ማታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እሳቸው ፎርካስት ማየት ትተዋል። ደውዬ «ነገ በረዶ አለ፣ ልንመጣ ነው» እንዴት እላለሁ? የሳቸው ስልክ ሲጮህ ልባቸው እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ሦስት ሆነን ለመሄድ ተስማማን፣ እኔ፣ የሥራ ባልደረባችን ጽጌ እና ጋሽ መኮንን። ከቤተ ክርስቲያን በፊት በማለዳ ደርሰን፣ ሳንቀሰቅሳቸው ሸፍነንላቸው ልንሄድ። ሥራ ቦታ ያረጁ ናቸው ተብለው የሚጣሉ አንሶላዎችን ጽጌ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ሞልታ አመጣች። እንዲህ ጥሩ ሐሳብ ያሰብን መስሎን ነበር።

መኪናችንን የሞተሩ ድምፅ እንዳይረብሻቸው ከመንገዱ ጫፍ ፓርክ አደረግን። እኔና ጽጌ ነጠላችንን እንደለበስን፣ ጋሽ መኮንን ጥቁር ኮታቸውን እንዳደረጉ፣ ሰማዩ ደም የሌለው ሰው ፊት መስሎ፣ በእግራችን ወደ በሩ ቀረብን። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀምጠን ቆምን።

«ብንነግራት አይሻልም? ድንገት በመስኮት ብታየን ሌባ ይመስላታል» አሉ ጋሽ መኮንን በሹክሹክታ።

«ታዲያ ማን ያንኳኳ?» አለች ጽጌ።

ይህን ስትል መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያን ጊዜ ራሳችንን በሳቸው ዓይን አየሁት። ማለዳ፣ ነጠላ፣ ጥቁር ኮት፣ ራቅ ብሎ የቆመ መኪና፣ ሹክሹክታ፣ ማን ያንኳኳ። በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ተሰማ፣ ቀጥሎ የላይኛው መወርወሪያ፣ ቀጥሎ ሰንሰለቱ።

«እትዬ አስካለ! እኔ ነኝ፣ ሂሩት!»

«አይቻችኋለሁ። ሂዱ» አሉ ከበሩ ኋላ። ድምፃቸው ጸጥ ያለ ነበር።

«ለአበባው ነው የመጣነው! ዛሬ በረዶ አለ፣ ልንሸፍንልዎት ነው!»

«እናቴ ስትሞት ‹በዚህ ስናልፍ ነው› ብለው ነው የገቡት። አባቴ ሲሞት ‹በሬ ጠፍቶን ነው› ብለው ነው። ሰበብ አታምጡብኝ። ሂዱ።»

ጋሽ መኮንን እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ። «አስካለ፣ በእመቤታችን እምልልሻለሁ፣ ምንም የሰማነው ነገር የለም!»

«አትንገረኝ መኮንን። እስካልነገራችሁኝ ድረስ ልጄ አለ። እባካችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ አትንገሩኝ።»

ከዚያ በሩን ይዞ ወደ ታች የሚንሸራተት ነገር ሰማን። ከዚያ ምንም። ስንጠራቸው አይመልሱም። የደም ግፊት እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ጽጌ ስልኳን አውጥታ «ናይን ዋን ዋን ልደውል?» አለች። እኔ ያሰብኩት መብራቱን እያብለጨለጨ አምቡላንስ በራቸው ላይ ሲቆም ነው። ያ መርዶውን ማረጋገጥ ነው፣ የቀረውን ልባቸውን ያቆመዋል ብዬ ፈራሁ። አለመደወልም አስፈራኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆመን፣ ያልያዝነውን ወሬ የያዝን መስለን፣ የሌለ ወሬ እንዴት እንደሚስተባበል ጠፋን። ምንም አልሆነም ብሎ ማስረዳት የሚቻልበት መንገድ የለም።

ዝናቡ መወፈር ጀመረ፣ ቀጥሎ ነጭ ሆነ። ጋሽ መኮንን የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ወደ ቤታቸው ተሻግረው አንድ ትልቅ ሰማያዊ ላስቲክ ይዘው መጡ። ተናደው ይሁን ተጨንቀው እንጃ፣ ትልቁ ሃይድሬንጃ ላይ ወረወሩበትና ዳርዳሩን በጡብ መጫን ጀመሩ። አንድ ግንድ ቀጭ ሲል ተሰማ።

መስኮቱ ብርግድ አለ።

«ላስቲኩን አንሳ!»

ሦስታችንም ደነገጥን።

«ላስቲኩን አንሳ አልኩህ አንተ ሰው! ቅጠሉ ላይ ላስቲክ ይጣላል? ብርዱን ይዞ ያቃጥለዋል እኮ! ደግሞ ሰበርከው! እንጨት አይቆምለትም መጀመሪያ?»

መወርወሪያው ተከፈተ፣ ሰንሰለቱ ተንኳኳ፣ እትዬ አስካለ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ሹራብ ደርበው፣ ባዶ እግራቸውን ወጡ። በአንድ እጃቸው የምግብ ጠረጴዛቸውን ወንበር ይጎትታሉ። «ሂሩት፣ ሌሎቹን ከውስጥ አምጪ! ጽጌ፣ አንሶላውን!» ወንበሮቹን በየተክሉ ዙሪያ አቆምናቸው፣ አንሶላውን በጀርባቸው ላይ ድንኳን አድርገን ጣልነው፣ ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ እሳቸው እየዞሩ ይወጥራሉ። ጋሽ መኮንንን እስከ መጨረሻው ሲሳደቡ ነበር። እኔ የሰማሁት ስድብ ሁሉ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የመጨረሻውን ወንበር እንደያዙ ድንገት ቀጥ አሉ። በረዶው ፀጉራቸው ላይ እያረፈ ሁላችንን አንድ በአንድ አዩን።

«እውነት ለዚህ ነው የመጣችሁት?»

«ለዚህ ነው» አልኳቸው።

ወንበሩን አስቀምጠው ተቀመጡበት። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አለቀሱ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ጀመሩ። ነጠላዬን አልብሻቸው ስይዛቸው የሚንቀጠቀጠው የሳቸው ገላ ይሁን የኔ መለየት አልቻልኩም። የዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም።

ዳዊት የደወለው ሜይ ሊያልቅ ሲል ነው። መንገድ ተዘግቶ ኔትወርክ የሌለበት ከተማ ውስጥ መኪናውን እየጠበቀ ከርሟል። ጤነኛ ነው፣ ከስቷል፣ ያ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ሥራ ቦታ መጥተው አንሶላ ሲያራግፉ ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን እንደ ድሮው አልነበሩም። ቀለል ብለዋል። «አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ፈርቼ አየሁት» አሉኝ። «እስከ ጥግ ሄድኩ። ጥጉ ላይ ምን አገኘሁ? መኮንንን ከነላስቲኩ። ከእንግዲህ ስትፈልጉ ሰልፍ ሆናችሁ ኑ፣ አልፈራችሁም።»

አበቦቹ ተርፈው ነበር። ከተሰበረችው ግንድ በቀር ሁሉም አበቡ፣ አሮጌው ግንድም አዲሱም፣ ሮዝ ሆነው የበሩን ደረጃ ሸፈኑት። እትዬ አስካለ ለዳዊት በቪዲዮ እየዞሩ ሲያሳዩት አጠገባቸው ነበርኩ።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ፈርተሽ ያበቀልሽው ይሄን ነው?» አላቸው እየሳቀ።

«አንተንስ ፈርቼ አይደል ያሳደግኩህ?»

ጥሩወርቅ ከሲያትል መጀመሪያ የደወለችልኝ በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። ስልኩን አንስቼ የሷን ድምፅ ስሰማ፣ ቃል ሳትናገር አወቅኩት። የዳዊትን መኪና ያቆመው፣ ዳዊትን የወሰደው ሰው አልነበረም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው የሞተው። እሷ አውሮፕላን እየፈለገች ነበር። «ከሌላ ሰው ሳትሰማ እናንተ ንገሯት» አለችኝ። የሥራ ሰዓታቸውን ስለማውቅ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው መኪናቸው ውስጥ ሆነው ለረጅም ጊዜ ቁልፉን በእጃቸው ያገላብጡ ነበር።

በማለዳ ሄድን፣ እኔ፣ ጽጌ እና ጋሽ መኮንን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የሚባል የለም፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይታወቃል። መኪናችንን ከመንገዱ ጫፍ አቆምን። ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ። በየርምጃው የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በሩን እንዲቆልፉብን። መጋረጃው እንዲንቀሳቀስ፣ መወርወሪያው እንዲወረወር፣ «አትንገሩኝ» እንዲሉን። ከበሩ ኋላ ሆነው ትንሽ ቢፈሩልኝ፣ እኔም ትንሽ ጊዜ ባገኝ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። መልካቸውን በመስታወቱ አየሁት፣ እየሳቁ ነው።

ጋሽ መኮንን ሳያንኳኩ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ሰማዩን ቀና ብለው አዩት፣ አንድም ደመና አጡበት፣ ወደ እኛ ዞሩ።

«ደግሞ ምን ሊመጣ ነው አላችሁ?» አሉ። «ግቡ፣ ግቡ። አንሶላዎቹስ የታሉ?»